ስፒናው እንቢ ሲል፦ ቻርጀር፣ አዳፕተር እና የአሠሪ ቤት ኮረንቲ



አዲስ አገር ስንገባ መጀመሪያ የምንፈልገው ነገር ለቤተሰብ "በሰላም ገብቻለሁ" ማለት ነው። ስልኩ ግን መንገድ ላይ ባትሪው አልቋል። ቻርጀሩን ከሻንጣ አውጥተን ወደ ግድግዳው ስንሄድ ደግሞ አይገባም። የኛ ባለ ሁለት ክብ እግር ነው፣ ግድግዳው ላይ ያሉት ሦስት ጠፍጣፋ ቀዳዳዎች ናቸው።

እዚህ ላይ አንዳችን ከሌላችን የተማርናት "ዘዴ" አለች፦ እስክሪብቶ ወይም የማንኪያ እጀታ የላይኛው ቀዳዳ ውስጥ ከትቶ፣ ታችኞቹ ሲከፈቱ የኛን በግድ ማስገባት። ስልኩ ቻርጅ ማድረግ ስለሚጀምር የተሳካልን ይመስለናል። ይህች ዘዴ ግን እጅ ታቃጥላለች፣ ቤትም ታቃጥላለች። እሳት ከተነሳ ደግሞ መጀመሪያ የምትጠየቀው ሠራተኛዋ ናት።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚህ ነው። ቋንቋው እንዳያደናግረን፦ "ስፒና" ስል ገመዱ ጫፍ ላይ ያለውን፣ እኛ የምንሰካውን ማለቴ ነው። "ሶኬት" ስል ግድግዳው ላይ ያለውን ነው።

የየአገሩ ሶኬት ምን ይመስላል?

ኢትዮጵያ፦ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ስፒናው ባለ ሁለት ክብ እግር ነው።

ኤምሬትስ፣ ኳታር፣ ኩዌት፣ ባሕሬን እና ኦማን፦ ከ220 እስከ 240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ሶኬቱ የእንግሊዝ ዓይነት የሚባለው ነው፤ ከላይ አንድ፣ ከታች ሁለት ጠፍጣፋ ቀዳዳ አለው። ብዙ ጊዜ አጠገቡ ማብሪያ ማጥፊያ ይኖረዋል። ሰክተሽ "አይሠራም" ከማለትሽ በፊት ማብሪያውን ተጫኚ።

ሳዑዲ፦ 230 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። ሶኬቱ ይኸው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ነው። በድሮ ቤቶች ውስጥ ግን 110 ወይም 127 ቮልት የሚሰጥ፣ ሁለት ቀጫጭን ጠፍጣፋ ቀዳዳ ያለው ሶኬትም አለ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ሊኖሩ ስለሚችሉ የትኛው ዕቃ የትኛው ላይ እንደሚሰካ መዳምን ጠይቂ።

ሊባኖስ፦ ከ220 እስከ 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ባለ ሁለት ክብ ሶኬት በብዛት ስላለ የኛ ቻርጀር ብዙ ቤት ይገባል፤ ሌላ ዓይነትም አለ።

ዮርዳኖስ፦ 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ክቡም የእንግሊዙም አለ፣ እንደ ቤቱ ይለያያል።

ቮልት ማለት ኮረንቲው የሚገፋበት ጉልበት ነው። ውሃ ከጣሪያ ታንከር ሲወርድ ግፊት እንዳለው አስቢው። ግፊቱ ዕቃው ከሚችለው በላይ ከሆነ ዕቃው ይቃጠላል፣ ካነሰ ደግሞ ይደክማል። ከላይ እንዳየሽው የኢትዮጵያና የአብዛኛው የዓረብ አገር ግፊት ተቀራራቢ ነው። የሚለየው በዋናነት የስፒናው ቅርጽ ነው።

አዳፕተር ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም?

አዳፕተር ቅርጽ ብቻ ነው የሚቀይረው። በአንድ በኩል የኛን ክብ እግር ይቀበላል፣ በሌላ በኩል የነሱ ግድግዳ ውስጥ ይገባል። ቮልት አይቀንስም፣ አይጨምርም። ቮልት የሚቀይረው ትራንስፎርመር ነው፤ እሱ ከበድ ያለ ሌላ ዕቃ ነው።

ትራንስፎርመር ያስፈልግሽ እንደሆነ ለማወቅ ቻርጀሩ ላይ በደቃቁ የተጻፈውን እዪ። ኢንፑት የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ። ከጎኑ "100-240" የሚል ቁጥር ካየሽ ያ ቻርጀር በየትኛውም አገር ይሠራል፣ አዳፕተር ብቻ ይበቃዋል። የስልክ ቻርጀሮች ማለት ይቻላል ሁሉም እንዲህ ናቸው። "220-240" የሚል ፒያስትራ ወይም የጸጉር ማድረቂያ ከሆነ በገልፍ አገሮች ይሠራል፣ በሳዑዲው 127 ቮልት ሶኬት ላይ ግን በደንብ አይሞቅም።

አዳፕተር በየሰፈሩ ሱቅና ሱፐርማርኬት ይሸጣል፣ ውድ ዕቃ አይደለም። ከሀገር ቤት ሳትወጪ ካገኘሽ ይዘሽ ነይ። ሌላው ቀላል መፍትሔ ደግሞ እዚያው አገር የሚሸጥ ባለ ሦስት እግር ቻርጀር መግዛት ነው፤ የስልክሽ ገመድ እሱ ላይ ይሰካል። ስትገዢ ልል ያልሆነ፣ ሲሰካ የማይወዛወዝ ምረጪ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ንኪው። ለብ ማለቱ ያለ ነው፣ እጅ የሚያስለቅቅ ሙቀት ካለው ግን ነቅለሽ ጣዪው።

ፓወር ባንክ ካለሽ በጉዞ ላይ በእጅ ቦርሳሽ ያዢው። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ መክተት በአየር መንገዶች የተከለከለ ነው፤ ባትሪው እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ነው።

እስክሪብቶዋ ለምን አደገኛ ሆነች?

የእንግሊዙ ሶኬት ውስጥ ታችኞቹን ሁለት ቀዳዳዎች የሚዘጋ መከለያ አለ። የላይኛው እግር ከሌሎቹ ረዘም ይላል፤ ቀድሞ ይገባና መከለያውን ይከፍታል። ይህ የተሠራው ሕፃን ልጅ ሚስማር ወይም ጣቱን ኮረንቲው ውስጥ እንዳይከት ነው።

እስክሪብቶ ስንከት መከለያውን በግድ እንከፍታለን። ሦስት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ቀዳዳው ለጠፍጣፋ እግር ስለተሠራ ክቡ በደንብ አይጨብጥም። ልል ሆኖ ሲነካ ይግላል፣ ብልጭ ይላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ እሳት የሚነሳው እዚያ ጋ ነው። ሁለተኛ፣ መከለያው ሊሰበርና ክፍት ሆኖ ሊቀር ይችላል። አንቺ የምትጠብቂው ልጅ ነገ ቁልፍ ይከትበታል። ሦስተኛ፣ ማንኪያ ወይም ቢላ ብረት ነው። ካንሸራተተሽ ወይም ሶኬቱ ሲገጠም ሽቦው ተሳስቶ ከሆነ ኮረንቲው በእጅሽ ይመጣል።

በተጨማሪም የእንግሊዙ ስፒና ውስጥ ትንሽ ፊውዝ አለች። ለትንሽ ዕቃ 3 አምፔር፣ ለካውያና ውሃ ማፍያ 13 አምፔር። ችግር ሲመጣ እሷ ትቃጠልና ገመዱን ታድናለች። የኛ ክብ ስፒና ይህች ፊውዝ የለችውም። ጥሩ አዳፕተር ግን በውስጡ ይዟት ይመጣል።

ሦስተኛዋ እግር ሕይወት ናት

ካውያ፣ ውሃ ማፍያ፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ፍሪጅ፣ ኦቨን፤ እነዚህ ብረት አካል አላቸው። ውስጣቸው ያለ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ቢነካ የዕቃው ገላ ሁሉ ኮረንቲ ይሆናል። ሦስተኛዋ እግር የምድር ሽቦ ናት፤ ያንን ኮረንቲ ወደ መሬት ትወስደዋለች፣ ብሬከሩም ይወድቃል። እሷ ከሌለች ወደ መሬት የሚሄድበት መንገድ አንቺ ትሆኛለሽ።

ስለዚህ የእነዚህን ዕቃዎች ሦስተኛ እግር ሰብሮ መሰካት ወይም የምድር መስመር በሌለው ባለ ሁለት እግር አዳፕተር መጠቀም ክልክል ነው በይ። ለስልክ ቻርጀር ግን ሁለት እግር ችግር የለውም፤ ያለ ምድር ሽቦ እንዲሠራ ተደርጎ ነው የተሠራው። ዕቃው ላይ አንዱ ካሬ በሌላው ካሬ ውስጥ ሆኖ የተሳለ ምልክት ካየሽ ትርጉሙ ይኸው ነው፦ የምድር ሽቦ አያስፈልገውም።

ካውያ ስትነኪ ትንሽ እንኳ ከነዘረሽ "ለምጄዋለሁ" አትበይ። ዛሬ ጫማሽ ደረቅ ስለሆነ ነው የቀለለሽ። ነገ እግርሽ ሲረጥብ ያው ካውያ ሊገድል ይችላል።

ኤክስቴንሽን ላይ ስንት ዕቃ ይሰካል?

ሂሳቧ ቀላል ናት። 230 ቮልትን በ13 አምፔር ስታባዢው 3000 ዋት ገደማ ይመጣል። አንድ የእንግሊዝ ሶኬት የሚችለው ይህንን ነው። ባለ ብዙ ቀዳዳ ኤክስቴንሽን ቀዳዳው ስለበዛ የሚችለው አይጨምርም። እንዲያውም ቀጭን ገመድ ያለው ከዚህ በታች ነው የሚችለው።

ካውያ 2000 ዋት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ውሃ ማፍያ ከ2000 እስከ 3000። ሁለቱ አንድ ኤክስቴንሽን ላይ አብረው አይሆኑም። የሚሞቅ ነገር በሙሉ ለየብቻው፣ ከተቻለም በቀጥታ ግድግዳ ላይ ይሰካ። ስልክና የቴሌቪዥን ሪሲቨር ግን ትንሽ ስለሚወስዱ አንድ ላይ ቢሆኑ ችግር የለም። የኤክስቴንሽኑን ገመድ ጠቅልለሽ ወይም ምንጣፍ ሥር ደብቀሽ አትጠቀሚ፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

ሊባኖስ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የመንግሥት መብራት ሲሄድ ብዙ ቤት ኢሽቲራክ በሚባለው የሰፈር ጄኔሬተር ይሠራል። 5 አምፔር የተመዘገበ ቤት የሚያገኘው 1100 ዋት ገደማ ነው። ካውያ ስትሰኪ ቤቱ ጭልም የሚለው ለዚህ ነው፣ አንቺ ያበላሸሽው ነገር የለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ካውያ እየተኮስሽ መብራት ከሄደ ወዲያው ንቀዪው። ልብሱ ላይ ትተሽው ሌላ ክፍል ሳለሽ መብራት ቢመጣ ቤቱ ይያያዛል።

ውሃና ኮረንቲ

የኛ ሥራ ውሃና መብራት የሚገናኙበት ሥራ ነው። እነዚህን ልማድ አድርጊያቸው።

ፍሪጅ፣ ኦቨን፣ ማይክሮዌቭ ውስጡን ከማጠብሽ በፊት ስፒናውን ንቀዪ። የማይደረስበት ከሆነ በማጥፊያው ወይም በብሬከሩ አጥፊ።

በረንዳና ወጥ ቤት በጎማ ውሃ ስታጥቢ ሶኬት ያለበት ግድግዳ ላይ አትርጪ። ኤክስቴንሽን መሬት ላይ ካለ መጀመሪያ አንሺው።

በባዶ እግርሽ፣ እርጥብ ወለል ላይ ቆመሽ አትተኩሺ። ደረቅ የላስቲክ ነጠላ ጫማ አድርጊ። ስፒና ስትነቅይ እጅሽን አድርቂና ራሱን ስፒናውን ይዘሽ ሳቢ፣ ገመዱን አትጎትቺ።

መታጠቢያ ቤት ውስጥ ስልክ ቻርጅ ላይ አድርገሽ አትጠቀሚ። የቧንቧው ውሃ ወይም ሻወሩ ከነዘረሽ ቦይለሩ ኮረንቲ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ውጪ፣ ከውጭ ያለውን የቦይለር ማጥፊያ አጥፊ፣ ንገሪ፣ እስኪሠራ አትታጠቢበት።

አምፖልና ትልልቁን የሳሎን መብራት ስታጸጂ መጀመሪያ አጥፍተሽ እስኪቀዘቅዝ ጠብቂ፣ በደረቅ ጨርቅ ብቻ።

ስልክሽ ቻርጅ መደረግ አለበት

አንዳንድ ቤት "መብራት ትጨርሺያለሽ" ብለው ቻርጀር ይከለክላሉ። እውነቱን ለማወቅ ያህል፣ የስልክ ቻርጀር አንድ ካውያ በአንድ ሰዓት የሚወስደውን ለመውሰድ ቀናት ይፈጅበታል። ምክንያቱ ቆጣሪው አይደለም። ስልክሽ ደግሞ ቤተሰብሽም፣ ባንክሽም፣ አምቡላንስ የምትጠሪበትም ነው።

ማታ ስትተኚ ስልኩን ትራስ ሥር ወይም አልጋ ላይ ቻርጅ አታድርጊ። ጠንካራ ነገር ላይ፣ ከመጋረጃና ከብርድ ልብስ ራቅ አድርጊው። ያበጠ ባትሪ ወይም ሽቦው የተገለጠ ገመድ አትጠቀሚ። ባትሪውን ሁልጊዜ ከግማሽ በላይ ለማቆየት ሞክሪ፤ ክፉ ነገር ቢመጣ ቻርጅ ለማድረግ ጊዜ ላይኖርሽ ይችላል።

መዳምን እንዴት ልንገራት?

ሕጉ ከአንቺ ጋር ነው። የኩዌት የ2015 ሕግ ቁጥር 68 አሠሪ ሠራተኛዋን ጤናዋን የሚጎዳ አደገኛ ሥራ እንዳያሠራ ይከለክላል፤ ሳዑዲ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣችው የቤት ሠራተኞች ደንብም ይህንኑ ይከለክል ነበር። የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189ም የቤት ሠራተኛ ደህንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታ የማግኘት መብት አላት ይላል፤ አስገዳጅ የሚሆነው ግን ባጸደቁት አገሮች ነው። የሊባኖስ የሥራ ሕግ ደግሞ የቤት ሠራተኞችን አያካትትም፣ ስለዚህ እዚያ የያዝሽው ውል ይበልጥ ያስፈልግሻል።

ቤት ውስጥ ግን ሕግ ከመጥቀስ ይልቅ "ልጆቹ እንዳይነኩት፣ ቤቱ እንዳይቃጠል" ብሎ መናገር ቶሎ ያሰማል። እነዚህን ቃላት ያዢ፦

"መዳም፣ አል-መክዋ ኸርባና" ማለት ካውያው ተበላሽቷል።
"ፊሃ ከህረባ" ማለት ኮረንቲ አለው፣ ይነዝራል።
"ፊ ሪሐት ሐሪቅ" ማለት የሚቃጠል ነገር ይሸታል።
"አብጋ ሙሐዊል" ማለት አዳፕተር እፈልጋለሁ። ሊባኖስና ዮርዳኖስ "ቢዲ ሙሐዊል" በይ።
"ተፊ አል-ከህረባ!" ማለት መብራቱን አጥፊ! ለወንድ ሲሆንም ያው ነው።

በቃል ከነገርሻት በኋላ በዋትሳፕም ላኪላት፣ ድምፅም ይሁን ጽሑፍ። ቀን ይዞ ይቀመጣል። ነገ ብትጎጂ "አልነገረችኝም" እንዳይባል ነው። ፎቶ ካነሳሽ የተበላሸውን ዕቃ ብቻ አንሺ። የቤቱ ሰው፣ ልጅ፣ ክፍል እንዳይገባበት፣ ቲክቶክ ላይም እንዳትለጥፊው። በነዚህ አገሮች ሰውን ሳያስፈቅዱ ማንሳት ሊያሳስር ይችላል።

"አንቺው ጠግኚው" ብትልሽ እንቢ በይ። ሶኬት መፍታት፣ ሽቦ መቀጠል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሥራ ነው። አንቺ ለዚህ አልተቀጠርሽም።

ኮረንቲ ሰው ከያዘ

በእጅሽ አትንኪው፣ አንቺንም ይይዝሻል። መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፊ ወይም ስፒናውን ንቀዪ። ስለዚህ አዲስ ቤት በገባሽ በመጀመሪያው ሳምንት ብሬከሩ የት እንዳለ ጠይቂና እዪ። ማጥፋት ካልቻልሽ ደረቅ ነገር ላይ ቆመሽ በደረቅ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ መጥረጊያ እጀታ ግፊው።

ከተላቀቀ በኋላ ይተነፍስ እንደሆነ እዪ። የማይተነፍስ ከሆነ አምቡላንስ አስጠሪና ደረቱን መሃል ላይ በሁለት እጅሽ በኃይልና በፍጥነት ጫኚ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ እርዳታ እስኪመጣ።

የተቃጠለ ቦታ ካለ ኮረንቲው ከተቋረጠ በኋላ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ አፍስሺበት። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል አትቀቢ። የኮረንቲ ቃጠሎ ከላይ ትንሽ ቢመስልም ውስጥ ሊጎዳ ይችላል። ራስሽን ስተሽ ከነበረ፣ ልብሽ የሚዘል ከሆነ፣ ከተቃጠልሽ ወይም እርጉዝ ከሆንሽ "ደህና ነኝ" ብትይም ሐኪም ይይሽ።

የኮረንቲ እሳት ላይ ውሃ አትድፊ። ማጥፋት ካልቻልሽ ልጆቹን ይዘሽ፣ በሩን ዘግተሽ ውጪ። ዕቃ ለማዳን አትመለሺ።

ስልክ ቁጥሮች፦
ሳዑዲ፦ አምቡላንስ 997፣ እሳት 998። በሪያድ፣ በመካ ክልል (ጂዳን ጨምሮ)፣ በመዲናና በምሥራቁ ክልል 911።
ኤምሬትስ፦ አምቡላንስ 998፣ እሳት 997። ከሳዑዲ ጋር ተገላቢጦሽ ስለሆነ አገር የቀየርሽ ልብ በይ።
ኩዌት፦ 112።
ኳታር እና ባሕሬን፦ 999።
ኦማን፦ 9999።
ዮርዳኖስ፦ 911።
ሊባኖስ፦ አምቡላንስ 140፣ እሳት 175።

ወደ ሀገር ቤት ዕቃ ስትልኪ

ብሌንደር፣ ካውያ፣ የስጋ መፍጫ ገዝተን በካርጎ እንልካለን። ከመክፈልሽ በፊት ከሥሩ የተለጠፈውን አንብቢ። "110" ወይም "127" ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ አትግዢው፤ ኢትዮጵያ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። "220-240" እና "50/60" የሚል ይሻላል። 60 ኸርዝ ብቻ የሚል ሞተር ያለው ዕቃ ሀገር ቤት ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ይሞቃልም።

ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ስፒናውን እናትሽ በግድ እንዳትሰካው ንገሪያት። ለትንሽ ዕቃ አዳፕተር አብረሽ ላኪ። ለካውያ፣ ለፍሪጅና ለልብስ ማጠቢያ ግን የሰፈር ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የምድር መስመር ባለው በሀገሩ ስፒና ይቀይርላት።

ዛሬ ማታ ሥራ ስትጨርሺ ሁለት ነገር ብቻ እዪ፦ ብሬከሩ የት እንዳለ፣ እና የካውያው ገመድ ተልጦ እንደሆነ። ስልኳን በእስክሪብቶ ቻርጅ የምታደርግ እህት ካወቅሽ ደግሞ ይህን ላኪላት።